የአደራ ዋጋ

የሰው ልጅ በሩቅ ላለው ወገኑ ቃሉን ለማድረስ በፈለገ ጊዜ ሁሉ በሌላ ሰው እግርና በሌላ ሰው ታማኝነት መታመን ግድ ሆኖበት ኖሯል። በአገራችንም የፖስታ ሥራ ከመቋቋሙ አስቀድሞ ደብዳቤ የሚልክ ሰው ወረቀቱን አጣጥፎ ወደዚያ አገር ለሚያልፍ ሲራራ ነጋዴ ወይም ለመልእክተኛ ይሰጥና «አደራ» ይለው ነበር። መልእክተኛውም ደብዳቤውን በተሰነጠቀ ዘንግ ጫፍ ሰክቶ ሲጓዝ፣ ያየው ሁሉ የያዘው ነገር የራሱ አለመሆኑን ይረዳለት ነበር። «ሰማይ ሩቅ፣ አደራ ጥብቅ» የሚባለውም ስለ እንዲህ ያለው ነገር ነው። አደራ ተቀባይ ከአደራው አይጠቀምም፤ ቢጠፋበት ግን ያፍርበታል።

ነገር ግን እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። አደራ ያለ ዋጋ አይደርስም። ነጋዴው ደብዳቤውን ለማድረስ ከመንገዱ ወጣ ያለ እንደሆነ፣ የግማሽ ቀን ጊዜውን፣ የበቅሎውን ቀለብና የራሱን ስንቅ ከፍሏል። ላኪው አልከፈለም ማለት ማንም አልከፈለም ማለት አይደለም። ዛሬ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ከዚህ የሚነሣ ነው፤ ይኸውም፣ ለሕዝብ ሁሉ እኩል እንዲደርስ የተቋቋመ አገልግሎት ወጪውን በራሱ ሊችል ይገባዋልን? ባይችልስ ጉድለቱን ሊሸከም የሚገባው ማን ነው? የሚለው ነው።

ዘመናዊ ፖስታ ማለት በሰው ለሰው መተማመን የነበረው አደራ በሕግ፣ በደንብና በደመወዝ የቆመበት ሥራ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በመጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. የፖስታ ሥራ በኢትዮጵያ እንዲቋቋም ባዘዙ ጊዜ፣ የንጉሠ ነገሥቱ መልክና የይሁዳ አንበሳ የተቀረጸባቸው ቴምብሮች በፓሪስ ታትመው መጥተዋል። ይሁን እንጂ አገራችን በ1901 ዓ.ም. የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል እስከ ሆነች ድረስ፣ የኢትዮጵያ ቴምብር የተለጠፈበት ደብዳቤ ከወሰን ሲወጣ የሌላ መንግሥት ቴምብር ያስፈልገው ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን አይተነው የማናውቀው የባዕድ አገር ፖስተኛ የእኛን ቴምብር ሲያይ አደራችንን ተቀባይ ሆነ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በዓለም ላይ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ፣ አንዳንድ ጊዜም የማይዋደዱ መንግሥታት የአንዱን ዜጋ ቃል ሌላው እንዲያደርስ የተስማሙበት ውል ነውና።

ይህንን ጥያቄ በደፈናው ከመመርመር ይልቅ በአንድ አገር ምሳሌ መመርመሩ ስለሚሻል፣ የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታትን ፖስታ ቤት መርጠናል። የመረጥንበትም ምክንያት የዚያ አገር ሰዎች ስለ ፖስታ ቤታቸው ዕዳና ስለ ወደፊት ዕጣው ለብዙ ዓመታት በግልጽ ሲከራከሩ በመኖራቸው ነው። ከእኛም ጋር ግንኙነት የሌለው ነገር አይደለም። የዲቪ ማመልከቻ እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ ኢንተርኔት ከመዛወሩ በፊት፣ ስንቱ የአገራችን ወጣት ስሙንና ፎቶግራፉን በፖስታ አሽጎ፣ ቴምብሩን በምላሱ አርሶ ለጥፎ ከላከ በኋላ፣ የፖስታ ሣጥኑን እየከፈተ ሲመለከት ይከርም እንደ ነበር እናስታውሳለን። ያ ወጣት ዕድሉን ያስረከበው ለማያውቃቸው ሰዎች ነበር፤ ሰዎቹም በሁለት አገር ፖስታ ቤት የሚሠሩ ተራ ሠራተኞች ነበሩ። ከዚህ በኋላ ስለ ውጭ አገር የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

የአሜሪካ ፖስታ ከአገሪቱ ነጻነት በአንድ ዓመት ይቀድማል። በሐምሌ 1775 የቅኝ ግዛቶቹ ጉባኤ ቤንጃሚን ፍራንክሊንን የመጀመሪያው የፖስታ ሹም አድርጎ ሾመ። በ1792 የወጣው የፖስታ ሕግ ደግሞ ሁለት ታላላቅ ነገሮችን ደነገገ። አንደኛው፣ የፖስታ ሠራተኛ የሰውን ደብዳቤ እንዳይከፍት መከልከሉ ነው። ሁለተኛው፣ ጋዜጣ በእጅግ አነስተኛ ዋጋ እንዲላክ መፍቀዱ ነው፤ ደብዳቤ እንደ ርቀቱ ከ6 እስከ 25 ሳንቲም በሚያስከፍልበት ጊዜ ጋዜጣ ከ1 ሳንቲም ተኩል አይበልጥም ነበር። ይህም የሆነበት ምክንያት ራሱን በራሱ ሊያስተዳድር የተነሣ ሕዝብ የአገሩን ጉዳይ ማወቅ አለበት ተብሎ ስለታመነ ነው። እንግዲህ ገና ከመጀመሪያው፣ ደብዳቤ የሚጽፈው ነጋዴ ጋዜጣ ለሚያነበው ገበሬ ይከፍል ነበር ማለት ነው።

ከዚህም ቀጥሎ እንግሊዝ በ1840 በሮላንድ ሂል አሳብ አንድ ዋጋ ለሁሉም የሚለውን ሥርዓት ከጀመረች ከ23 ዓመት በኋላ፣ በ1863 የአሜሪካም ደብዳቤ ለቅርብም ለሩቅም አንድ ዋጋ ሆነ። በዚያው ዓመት በከተማ ለሚኖረው ሰው ደብዳቤው ያለ ተጨማሪ ክፍያ በደጁ ይደርሰው ጀመር። የገጠሩ ሰው ግን ደብዳቤውን ለመቀበል ፈረሱን ጭኖ ወደ ከተማ መሄድ ነበረበት። እርሱም «የከተማው ሰው ዜጋ ነው፤ እኔስ ምንድን ነኝ?» እያለ ሲጠይቅ ኖሮ፣ በ1896 በምዕራብ ቨርጂኒያ ለገጠር ቤቶች ማድረስ በሙከራ ተጀመረ፤ በ1902ም የጸና ሥራ ሆነ። በ1913 ጥቅል ዕቃ በፖስታ መላክ ሲፈቀድ፣ በሩቅ እርሻ የሚኖር ሰው ጫማውንና ዘሩን ሳይቀር በደጁ ይረከብ ጀመር። በታላቁ የግራንድ ካንየን ገደል ውስጥ ለሚኖሩት የሐቫሱፓይ ሰዎች ደግሞ፣ መኪና በማይደርስበት የ8 ማይል ቁልቁለት፣ ፖስታው በበቅሎ ተጭኖ ሲወርድላቸው ኖሯል። በሠለጠነው አገር በቅሎ መኖሩን የሚሰማ ያገራችን ሰው ፈገግ ይል ይሆናል፤ እኛ ግን ስለ ፖስታ ማለት የሚገባን ሁሉ በዚያች በቅሎ ላይ ተጭኖ እናያለን።

በበቅሎ ወርዶ ከገደል ሥር ለሚደርሰው ደብዳቤ የተለጠፈው ቴምብርና ከአንዱ የኒውዮርክ ፎቅ ወደ ማዶው ፎቅ ለሚሻገረው ደብዳቤ የተለጠፈው ቴምብር ዋጋቸው አንድ ነው። ይህ ፍትሕ ነውን? በነጋዴ ሚዛን የመዘንነው እንደሆነ ፍትሕ አይደለም። ቅርብ ያለው ከሚገባው በላይ ይከፍላል፤ ሩቅ ያለው ከሚገባው በታች ይከፍላልና። ነገር ግን በአገራችን እድር ሚዛን እንመዝነው። አንድ የእድር አባል 20 ዓመት ሙሉ በየወሩ መዋጮውን ሲከፍል በቤቱ ሐዘን ሳይገባ ሊኖር ይችላል። ጎረቤቱ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ድንኳን ተተክሎለት ይሆናል። ያ ያልደረሰበት ሰው ተነሥቶ «እስከ ዛሬ የከፈልሁት ይመለስልኝ፤ እድሩ አክስሮኛል» ቢል ምን ይባላል? የከፈለው ለድንኳኑ ሳይሆን፣ ክፉ ቀን ቢመጣ ብቻውን እንደማይቀር ለማወቅ መሆኑን ዘንግቷል ይባላል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት አባቶቻችን ስለዚህ ዓይነቱ ሒሳብ በቂ ዕውቀት ነበራቸው።

እድርና ፖስታ ግን በአንድ ነገር ይለያያሉ። ወደ እድር የሚገባ ሰው ወዶ ይገባል፤ ግብር ከፋይ ግን ለእያንዳንዱ ነገር ወደህ ነወይ ተብሎ አይጠየቅም። ስለዚህም ለሩቁ ሰው የሚከፈለው ዋጋ በሕግ የታወቀና በግልጽ የተነገረ መሆን ይገባዋል። የአሜሪካ ፖስታ ቤት መከራ የመጣው አገሪቱ ለሩቁ ሰው በመክፈሏ አይደለም። ማን እንደሚከፍል በግልጽ ለመናገር ባለመድፈሯ ነው እንላለን። ይህንንም በማስረጃ ማሳየት ይኖርብናል።

ፖስታ ቤቱ እስከ 1971 ድረስ እንደ ማንኛውም ሚኒስቴር የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነበር፤ ጉድለቱም ከመንግሥት ግምጃ ቤት ይሟላ ነበር። በመጋቢት 1970 በደመወዝ ማነስ የተማረሩ ከ150,000 የሚበልጡ የፖስታ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ፤ ፕሬዚዳንት ኒክሰንም በኒውዮርክ ደብዳቤ እንዲለዩ ወታደሮች እስከ መላክ ደረሱ። ከዚህ ሁከት በኋላ በነሐሴ 1970 በወጣው ሕግ፣ ፖስታ ቤቱ ከሚኒስቴርነት ወጥቶ በራሱ ገቢ የሚተዳደር የመንግሥት ድርጅት እንዲሆን ተደረገ። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ወዲህም፣ ከጥቂት የተለዩ ጉዳዮች በቀር፣ ለተራ ሥራው ከግብር ገንዘብ አይቀበልም። ነገር ግን ያው ሕግ፣ የፖስታ ተቀዳሚ ተግባር ሕዝቡን በመልእክት አስተሳስሮ አንድ ማድረግ ነው፤ አንድ ትንሽ ፖስታ ቤትም ከሰረ ተብሎ ስለ ኪሳራው ብቻ ሊዘጋ አይገባም ይላል። እንግዲህ በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ትእዛዝ ተጻፈ፤ እንደ ነጋዴ ራስህን ቻል፣ እንደ መንግሥት ማንንም አትተው የሚል ነው። ሁለት ጌታ ያለው ሎሌ የአንዱን ሲፈጽም የሌላውን ማጉደሉ አይቀርም።

ይህ ሁለት ልብ የሆነ ትእዛዝ ደብዳቤ በበዛበት ዘመን አልታወቀም ነበር። ፖስተኛ አንድ ደብዳቤ ቢይዝ ወይም ሃያ ቢይዝ የሚሄደው መንገድ ያው ነው፤ ስለዚህ ደብዳቤ ሲበዛ የመንገዱ ወጪ በብዙ ቴምብር ላይ ይበተናል፤ ሲያንስ ግን በጥቂቱ ላይ ይከብዳል። ተራው የታሸገ ደብዳቤ በ2001 ከ103 ቢሊዮን በላይ ደርሶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ኢሜይልና በኢንተርኔት መክፈል እየተስፋፋ ስለሄደ ዛሬ ከ50 ቢሊዮን በታች ወርዷል። በአንጻሩ አዲስ ቤት በየዓመቱ ስለሚሠራ፣ ፖስተኛው ሊደርስበት የሚገባው ደጃፍ በያመቱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ እየጨመረ ከ160 ሚሊዮን አልፏል። ሸክሙ ቀነሰ፤ መንገዱ ግን ረዘመ። የቴምብሩም ዋጋ እየጨመረ ሄዶ በሐምሌ 2025 78 ሳንቲም ሆነ። ዋጋ ሲጨምር ደግሞ የሚጽፍ ሰው ይቀንሳል፤ የሚጽፍ ሲቀንስ ዋጋው እንደገና ይጨምራል።

በዚህ ላይ በ2006 የወጣ ሌላ ሕግ ከባድ ቀንበር ጫነ። ፖስታ ቤቱ ገና ለወደፊት ጡረታ ለሚወጡ ሠራተኞች የሕክምና ወጪ የሚሆን ገንዘብ በቅድሚያ እንዲያስቀምጥ፣ ለ10 ዓመት በየዓመቱ 5 ቢሊዮን ተኩል ዶላር ገደማ እንዲከፍል ታዘዘ። ለሠራተኛ አስቀድሞ ማሰብ በራሱ መልካም ነገር ነው። ግን የዚህን ያህል ገንዘብ በዚህ ዓይነት ፍጥነት ከሌሎቹ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አልተጠየቀም። ፖስታ ቤቱም በ2012 መክፈል አቃተውና ዕዳው በመዝገብ ላይ ይከማች ጀመር። በመጨረሻ በሚያዝያ 2022 ሕጉ ተሻረ፤ 57 ቢሊዮን ዶላር ያህል ያልተከፈለ ዕዳም ተሰረዘ። ከዚህም የተነሣ ያ መሥሪያ ቤት በዚያ የሒሳብ ዓመት 56 ቢሊዮን ዶላር ያህል አተረፈ ተብሎ ተጻፈ። በሚቀጥለው ዓመት 6 ቢሊዮን ተኩል፣ በ2024 ደግሞ 9 ቢሊዮን ተኩል ዶላር ከሰረ ተባለ። ልብ እንበል፤ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ፖስተኛው በዚያው መንገድ ሄዷል፤ በዚያው ደጃፍ ቆሟል። ያተረፈውም የከሰረውም መዝገቡ ነው። መዝገብ አያስፈልግም ማለታችን አይደለም፤ መዝገብ የተጻፈበትን ብቻ ይናገራል፣ ምን መጻፍ እንዳለበት የሚወስነው ግን ሰው ነው ማለታችን ነው።

ስለ ፖስታ ቤቱ የወደፊት ዕጣ የሚከራከሩት ሰዎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ «ለነጋዴ ይሸጥ፤ የማያዋጣው መንገድ ይዘጋ፤ ማንም ላልጠየቀው ነገር አይክፈል» ይላሉ። ይህ አሳብ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። የግብር ገንዘብ ከድኻም ኪስ ይወጣል፤ በዓመት አንድ ደብዳቤ የማይጽፍ የቀን ሠራተኛ ስለምን ለሌላው ቴምብር ይክፈል? ከዚህም በላይ ዛሬ ፖስተኛው ከሚያድለው ወረቀት ትልቁ ክፍል የነጋዴ ማስታወቂያ ነው፤ ሱቅ ዕቃውን እንዲያስተዋውቅ ሕዝብ ለምን ይዋጣል? ብለው ይጠይቃሉ። መልሳችን፣ ማስታወቂያ የሚልክ ነጋዴ የሙሉ ወጪውን ይክፈል የሚል ነው። ነገር ግን ነጋዴ ፖስታውን ቢረከበው ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዚያው አገር ታላላቆቹ የግል አጓጓዦች ብዙ ቤት ባለበት ከተማ ራሳቸው እያደረሱ፣ የማያዋጣቸውን የሩቅ ቤት ጥቅል ለፖስታ ቤቱ እየከፈሉ ሲያስረክቡ የኖሩበት ጊዜ አለ። ክሬሙን የወሰደ ሰው አሬራውን ለሌላ ትቶ «እኔ አትርፌያለሁ፤ እርሱ ከስሯል» ቢል ሒሳቡ እውነት ነው፤ ፍርዱ ግን ሐሰት ነው።

ሁለተኛዎቹ ደግሞ «ፖስታ የአገር ክብር ነውና ምንም አይነካ፤ የጎደለው ሁሉ ይሞላ» ይላሉ። እነዚህም ቢሆኑ ከነቀፋ አያመልጡም። የአገር ክብር የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ የስንፍና መጋረጃ ሆኖ ያገለግላል። ሥራውን የማያሻሽል ሹም፣ ጊዜ ያለፈበትን መሣሪያ የማይለውጥ መሥሪያ ቤት፣ ጉድለቱ ሁሉ «ለሕዝብ አገልግሎት ነው» ተብሎ እንዲሞላለት ሲጠይቅ፣ የሕዝቡን አደራ የበላ እርሱ ራሱ ነው።

እኛ የምንለው ይህንን ነው። «ኪሳራ» በሚለው በአንድ ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀው ይነገራሉ። አንደኛው በስንፍና፣ በብክነትና በመጥፎ አስተዳደር የጠፋ ገንዘብ ነው፤ ይህ በእውነት ኪሳራ ነው፤ ሊነቀፍና ሊታረም ይገባዋል። ሁለተኛው ለሩቁ፣ ለድኻውና ለአረጋዊው የተሰጠው ቃል የሚጠይቀው ወጪ ነው፤ ይህ ኪሳራ አይደለም፤ ዋጋ ነው። ትምህርት ቤት በዚህ ዓመት ይህን ያህል ከሰረ ተብሎ ሲነገር የሰማ ማን ነው? ስለ ጦር ሠራዊትስ እንዲህ ይባላልን? ድልድይ የተሻገረበትን ሰው ሁሉ ቆጥሮ ወጪውን እስኪመልስ ድረስ ድልድይ አይደለም አይባልም። ፖስታ ቴምብር ስለሚሸጥ ብቻ ነጋዴ መሰለን። ስለዚህ የአስተዋይ ሹም የመጀመሪያ ሥራ ሁለቱን ሒሳብ በሁለት መዝገብ መለየት ነው። ያልተለዩ እንደሆነ ሰነፉ በሩቁ ሰው ስም ይደበቃል፤ ሩቁም ሰው በሰነፉ ጥፋት ይቀጣል።

አንባቢያችን ግን «ደብዳቤ ራሱ እየጠፋ ነው፤ ለሚሞት ነገር ስለምን እንከራከራለን?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የዴንማርክም ታሪክ የሚያስረዳው ይህንኑ ነው። በዚያ አገር የፖስታ ሥራ በ1624 በንጉሥ ክርስቲያን 4ኛ ትእዛዝ ተቋቁሞ ነበር። ከ2000 ወዲህ የደብዳቤ ብዛት ከመቶ ከ90 እጅ በላይ ስለቀነሰ፣ የመንግሥቱ ፖስታ በታኅሣሥ 30 ቀን 2025 የመጨረሻውን ደብዳቤ አድሎ ደብዳቤ ማደሉን አቆመ፤ ቀይ የደብዳቤ ሣጥኖችም ከየመንገዱ ተነሡ። ደብዳቤ ማመላለሱ ለአንድ የግል ድርጅት ቀረ። የዴንማርክ ሕዝብ አብዛኛው ከመንግሥት የሚደርሰውን ማስታወቂያ በኢንተርኔት ስለሚቀበል፣ ውሳኔው ለብዙው ሰው የተሰማው እንደ ቀላል ነገር ነው። ነገር ግን ኢንተርኔት የማይጠቀሙ አረጋውያን አሉ፤ የእነርሱ ነገር እንዴት እንደሚሆን እዚያም አሳስቧል።

ዴንማርክን አንነቅፍም። እንዲያውም በአንድ ነገር እናመሰግናታለን፤ ቃሉን ለመለወጥ ባሰበች ጊዜ ሕጉን በግልጽ ለወጠች እንጂ፣ ቃሉን በወረቀት ላይ እያቆየች የሚፈጽመውን መሥሪያ ቤት በረኃብ አልገደለችም። ሆኖም አንድ ነገር መዘንጋት አይገባም። ዕዳው ለወረቀቱ አይደለም፤ ለሰውየው ነው። መንግሥት የሰጠው ቃል «ደብዳቤ ይኖራል» የሚል ሳይሆን «ከዜጎቼ አንድ ስንኳ ቃል የማይደርሰው አይኖርም» የሚል ነበር። ወረቀት ቀርቶ በሌላ መንገድ የሚደርሰው ከሆነ ቃሉ ተጠበቀ። ለ100 ሰው ደርሶ ለአንዲት መነጽር ላጠለቀች፣ ቁልፍ መንካት ለማትችል አሮጊት ያልደረሰ ከሆነ ግን፣ ሥልጣኔ ወደፊት ሄደ እንጂ ፍትሕ ወደኋላ ቀረ።

በአሜሪካም ዛሬ ፖስታ የሚያደርሰው ሰላምታ ብቻ አይደለም። በጦርነት ያገለገሉ ሰዎች ከሚወስዱት መድኃኒት አብዛኛው በፖስታ ይመጣላቸዋል። በ2020 በተደረገው ምርጫ ከሦስት መራጮች ከአንዱ በላይ ድምፁን የሰጠው በፖስታ ነበር። መድኃኒቱ የዘገየበት ሽማግሌና ድምፁ ያልተቆጠረለት ዜጋ ምን ያህል ብር ያወጣሉ ብሎ የሚተምን መዝገብ የለም። የማይተመን ነገር ግን የለም ማለት አይደለም።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ያስተምረናል? በአገራችን ፖስታ ደጅ ለደጅ ሳይሆን በፖስታ ሣጥን ቁጥር ሲታደል የኖረ ነው፤ ሣጥን የሌለው ሰው በመሥሪያ ቤቱ፣ በትምህርት ቤቱ ወይም በዘመዱ ሣጥን ይጠቀማል። በዚህም ምክንያት አንድ የፖስታ ሣጥን የብዙ ሰው አደራ መቀበያ ሆኖ ኖሯል። በየአውራጃው ያለ መምህር ከከተማ የመጣውን ደብዳቤ ለተማሪዎቹ አባቶች ሲያነብ፣ ደመወዝ የሌለው ፖስተኛ ነበር። ዛሬ ስልክ በየእጁ ገብቷል፤ በባሕር ማዶ ያለው ልጅ እናቱን በድምፅና በመልክ ያገኛታል፤ ይህም ደስ የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን መንግሥት ለዜጋው የሚሰጠው አገልግሎት ሁሉ፣ ፖስታም ይሁን መብራት፣ ክሊኒክም ይሁን መንገድ፣ ያው ጥያቄ ይጠብቀዋል። በሩቅ ያለው ሰው ወጪው ይበዛል፤ ድምፁ ግን ያንሳል። ከተማ ያለው ሰው መብራት ቢጠፋበት በዚያው ቀን ይጮኻል፤ ከገደል ሥር ያለው ሰው ጩኸቱ ወደ ላይ እስኪደርስ በጀቱ ተዘግቶ ይጠብቀዋል።

ስለዚህ በመሥሪያ ቤት ያለነው ሰዎች አንድ አገልግሎት ከሰረ ተብሎ ወረቀት ሲቀርብልን፣ ከመፈረማችን በፊት ሦስት ጥያቄ ብንጠይቅ መልካም ነው። የመጀመሪያው፣ ከዚህ ጉድለት ስንቱ የጥፋት፣ ስንቱ የቃል ኪዳን ዋጋ ነው? ሁለተኛው፣ ይህ መንገድ ቢዘጋ ቃል የሚቀርበት ሰው ማን ነው፤ በምንስ ይተካለታል? ሦስተኛው፣ ቃሉን የማንፈጽም ከሆነ መፈጸማችንን ማቆማችንን በአደባባይ ለመናገር እንደፍራለንን? ሦስተኛውን ለመመለስ የፈራ ሰው ሁለቱን በእውነት አልመለሰም።

አደራን ለመቀበል እጅን መዘርጋት ቀላል ነው። መቀበል ማለት ግን መንገዱንም፣ ስንቁንም፣ የበቅሎዋንም ቀለብ መቀበል ነው። በቅሎዋን «ራስሽን ቻዪ» ብሎ ያለ ገብስ ቁልቁለት የሚያስወርዳት ጌታ፣ በመንገድ ላይ ብትወድቅ ሊያፍር የሚገባው በእርስዋ ሳይሆን በራሱ ነው። ገደሉ ሥር ያለው ሰው ዛሬም ወደ ላይ ይመለከታል፤ የሚጠብቀው ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን፣ ከላይ ያሉት ሰዎች ያልረሱት መሆኑን ነው።